ከእሱ ስም በታች ያሉት ሁሉ

ታላቅ ወንድሜ ከበቅሎዋ ሳያወርደኝ፣ ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ «ልጅቱ ወደቀች» አለኝ።

ፍልሰታ የገባ ሰሞን ነው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ ክረምቱ መኪና ስለማያሳልፍ በኪራይ በቅሎ መጥቼ፣ ንፋስ መውጫ ስደርስ ልብሴ ላዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ልጅቱ ከገደል የወደቀች መሰለኝ።

«የት ላይ? ተጎዳች?»

«ኧረ ፈተናውን ነው የምልሽ። የስምንተኛውን።»

ልጅቱ የወንድሜ የመጀመሪያ ልጁ ናት። በዚያን ጊዜ ከንፋስ መውጫ ሴት ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል የዘለቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እሷ ደግሞ ከወንዶቹም ጭምር በሒሳብ የሚቀድማት አልነበረም። ስምንተኛን እንዳለፈች ደብረ ታቦር አክስታችን ቤት ተቀምጣ ዘጠነኛ ትማራለች፣ ከዚያ ነርስ ትሆናለች ተብሎ በቤተሰቡ ዘንድ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር። ወንድሜ እዚህ ውሳኔ ላይ በቀላሉ አልደረሰም፤ ዓመት ሙሉ ለምኜዋለሁ።

ስገባ ጓዳ ተቀምጣ የባቄላ ክክ ታበጥራለች። ተነሥታ ሳመችኝና ወደ ወንፊቷ ተመለሰች።

«እኔ አውቄዋለሁ፣ እትዬ» አለችኝ ቀና ሳትል። «የሒሳቡን የመጨረሻ ጥያቄ አበላሽቼው ነበር። ከወጣሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

በአንድ ጥያቄ ሰው አይወድቅም አልኳት። ክኩን ማበጠሯን ቀጠለች። ማዕድ ቀርቦ፣ በልተን፣ የሰፈሩ ሰው መጥቶ ጠይቆኝ ሲሄድ እሷ ከጓዳ አልወጣችም።

በማግሥቱ ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ውጤቱ የተለጠፈው ከዲሬክተሩ ቢሮ ጣራ ክፈፍ ሥር ነው። ውጤቱን የምታሠላው እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ማሽን አማርኛ ስለማታውቅ ውጤት የምታወጣው በተፈታኝ ቁጥር ነበር፤ ዲሬክተሩ ከየቁጥሩ አጠገብ የልጆቹን ስም በራሱ እጅ ጽፎበታል። ቁጥሩ የተሰጠው በሀ ሁ ተራ ስለሆነ ስሞቹም እንደዚያው ይወርዳሉ። ሀ፣ አልፏል። ለ፣ አልፏል። ሐ፣ አልፋለች። በመ ከሚጀምሩት አንዱ ልጅ ዘንድ ሲደርስ አላለፈም ይላል። ከእሱ ስም በታች ያሉት ሁሉ፣ የወንድሜን ልጅ ጨምሮ፣ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ድረስ አላለፉም።

ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ፈተናው በሰኔ ሲሰጥ ተማሪዎቹ በስም ተራ በሁለት ክፍል ተቀምጠው ነበርና፣ የሁለተኛው ክፍል ጣራ ያፈስ ስለነበር ወረቀታቸው ረጥቦባቸው ነው ይላሉ። እኔ ግን ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

ዲሬክተሩ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ወጣት ነው። ካፖርቱን ለብሶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩት፣ «ይኼ የመጀመሪያው ያላለፈው ልጅ፣ በፈተናው ቀን መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም። ተስቦ ይዞት ተኝቶ ነበር።» ከዚያ ደንገጥ ብሎ አየኝ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም» አልኩና ሳልጋበዝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ሥራዬ ትንሽ መናገር አለብኝ። የዚያን ዘመን የስምንተኛ ክፍል ውጤት የሚሠላው እኔ ባለሁበት መሥሪያ ቤት ነበር። አንድ ክፍል የሞላች ኮምፒዩተር አለችን፤ ልጃገረዶች የየተማሪውን ነጥብ ካርድ ላይ ይበሳሉ፣ ካርዱን ማሽኗ ትበላለች፣ በሌላ በኩል ውጤት ታወጣለች። እኔና ጥቂት ሰዎች ደግሞ ማሽኗ ምን እንደምትሠራ የሚነግሯትን ፕሮግራሞች እንጽፋለን። የፈተናውን ፕሮግራም ግን የጻፍነው እኛ አይደለንም። አንድ ሰው ጽፎት ሄደ፣ ሌላ ሰው አሻሽሎት ሄደ፣ እኛ ተረከብነው።

በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ምልክት የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ተማሪው ቀሪ ከሆነ ምልክቱ ይበራል፤ ምልክቱ የበራበት ተማሪ አያልፍም። ለሚቀጥለው ተማሪ ምልክቱን ማጥፋት የሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ሥራ ነው። ምልክቱን የሚያበራው አንድ ቦታ፣ የሚያጠፋው ሌላ ቦታ፣ የሚያነበው ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ነበር። ፕሮግራሙን የሚያነብ ሰው ሁሉንም ባንድ ጊዜ በጭንቅላቱ ካልያዘ በቀር የትኛው መቼ እንደሚሠራ አያውቅም።

ከመሥሪያ ቤቱ ጓደኞቼ አንዱ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ የአንድ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ መማሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። ኋላ ፈንክሽናል እየተባሉ ከታወቁት ቋንቋዎች ወገን ነው። የለመድነው ቋንቋ ማሽኗን የሚያዝ ነው፤ ይኼን እዚህ አስቀምጪ፣ ያንን አጥፊ፣ በቦታው ይኼን ጻፊ እያለ። ያኛው ግን አንዴ የተጻፈን ነገር አይደልዝም። ፕሮግራሙ እንዳለ ፈንክሽን የሚባሉ፣ የሰጧቸውን ተቀብለው መልስ የሚመልሱ ትንንሽ ክፍሎች ነው። ለአንዱ ፈንክሽን የአንድ ተማሪ ነጥቦች ይሰጡታል፣ አልፏል ወይም አላለፈም ብሎ ይመልሳል፣ በቃ። ከዚያ በፊት የማን ነጥብ እንደታየ አያውቅም፤ ለሚቀጥለውም የሚተወው ነገር የለም። ዛሬም ነገም ያንኑ ከሰጡት መልሱ ያው ነው።

መጀመሪያ ላይ፣ ይኼ ለተመራማሪ ይሁን እንጂ ለእንደኛ ዓይነት የወር ደመወዝተኛ ምን ይረባዋል ብዬው ነበር። የገባኝ ስሠራበት ነው። ማሽኗን የምናገኛት በተራ ስለነበር፣ ተራችን ደርሶ ፕሮግራሙ ከተበላሸ ቀኑ ሄደ። በዚያ መንገድ የጻፍኩትን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ በእርሳስ እፈትሸዋለሁ። አንዷን ፈንክሽን ለብቻዋ አውጥቼ፣ ሌላውን ገጽ ሳልገልጥ፣ ትክክል ናት ወይም አይደለችም ማለት እችላለሁ። የጎረቤቴ ባልደረባ የራሱን ክፍል ቢያሻሽል የኔ አይፈርስም። በጊዜ ቤቴ ገብቼ ያለሐሳብ እተኛለሁ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ኖሮኝ አያውቅም።

ቋንቋውን ማሽናችን አልቻለችውም፤ ቦታ አይበቃትም። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ የፈተናውን ፕሮግራም በለመድነው ቋንቋ፣ ግን በዚያኛው አካሄድ እንደገና ጻፍነውና ለኃላፊያችን አቀረብንለት። አየውና፣ «ቆንጆ ነው። ግን ይዘገያል። ውጤቱ ደግሞ በዚህ ወር ካልወጣ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። የሚሠራ ነገር አትነካኩ» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም። የአሮጌው ፕሮግራም መሞከሪያ ካርዶች እንኳ በትክክል ያልፉ ነበር። ቀሪው ተማሪ የተቀመጠው ከካርዶቹ መጨረሻ ላይ መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም፤ ከሱ በኋላ የሚበላሽበት ሰው አልነበረማ።

እንግዲህ ከዲሬክተሩ ቢሮ ክፈፍ ሥር ያየሁት ይኼንን ነው። ልጁ ቀረ፣ ምልክቱ በራ፣ የሚያጠፋው አልነበረም። ምናልባት ትምህርት ቤት ሲቀየር ብቻ ነው የሚጠፋው። ለዲሬክተሩ በተቻለኝ መጠን አስረዳሁት። አዳመጠኝ፤ አመነኝም። ግን ከመሳቢያው ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ።

«ወይዘሪት፣ እኔ በዚህ ላይ አልፈዋል ብዬ ልጻፍ? አቤቱታ እጽፋለሁ። ግን በአውራጃው ትምህርት ቢሮ በኩል ነው የሚሄደው፣ የቢሮው ኃላፊ ደግሞ ለክረምቱ አገራቸው ገብተዋል። እስከ መስከረም የሚፈርም የለም።»

ቤት ተመልሼ ለወንድሜ ነገርኩት።

«ታዲያ ያንቺው ማሽን አይደለ?» አለኝ ደስ ብሎት። «አስተካክይዋ!»

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ማሽኗ እዚያ ናት። ብኖርም ፊርማው የኔ አይደለም።»

ልጅቱን ጠርቼ አንቺ አልወደቅሽም፣ ስሕተት ነው አልኳት። ወንፊቷን እንደያዘች በትሕትና ሰማችኝ። «እሺ፣ እትዬ» አለች። ያዘነላትን ሰው ላለማስቀየም የምትባል እሺ ነበረች። ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ወንድሜ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይበተን ቆመና፣ ልጆቻችን አልወደቁም፣ እኅቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አይታዋለች፣ የማሽን ስሕተት ነው ብሎ ተናገረ። ሰዎች ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። አንድ ሽማግሌ ማሽኑ እንዴት ሊሳሳት እንደቻለ ጠየቁ። ወንድሜ እኔ የነገርኩትን እሱ በገባው መንገድ መለሰ፤ «እከሌ የሚባለው ልጅ ቀርቶ የለ? ከሱ ጀምሮ ነው ወደ ታች የተበላሸው።» የልጁን ስም ጠርቶ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌሎቹም እርስ በርሳቸው አንሾካሾኩ። ሁሉም ነገሩ ገብቶታል ብዬ ደስ አለኝ። የገባቸው ግን ሌላ ነበር።

ከሁለት ወይ ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት፣ የዚያ ልጅ አባት መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ የሚያርስ፣ ጋቢው እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰ ሰው ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ እሜቴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው የመጣሁ። ልጄ ታሞ ነው የቀረው። ራሱን ቀና ማድረግ አቅቶት እናቱ በማንኪያ ነበር ሾርባ የምትግተው። ይኼ ኃጢአት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ ስሙ የሰው ልጅ የሚጥል በምን ምክንያት ነው? ሚስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ። ዓይነ ጥላ ያለበት ልጅ ነው፣ ከሱ ሥር የተጻፈ ሁሉ ደረቀ እያሉ ነው። እርስዎ ነዎት ያሉት ይባላል።»

«አላልኩም፣ አባቴ! ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ልጅዎ ባይሆን፣ ሌላ ልጅ ቢቀር ኖሮ ያው ነበር የሚሆነው።»

«ግን የኔ ልጅ ነው የሆነው።»

«አዎ፣ ግን…»

«ከሱም ተነሥቶ ነው ወደ ታች የወረደው።»

«ነው። ግን ከሱ አይደለም፤ ከሱ በኋላ ማጥፋት ይገባ የነበረው ሳይጠፋ ቀርቶ ነው።»

የምናገረው እንዳልገባው አየሁ፤ እኔም የተናገርኩት ቃል የከፋ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በዙሪያዬ የሚረዳኝ ነገር ፈለግሁ። ማድጋው አጠገብ የወንድሜ ቁና ተቀምጧል። አንሥቼ አሳየሁት።

«ይኸውልዎ፣ በዚህ ቁና የአንዱ ሰው ባቄላ ተሰፈረ እንበል። ሳይራገፍ የሌላ ሰው ስንዴ ቢሰፈርበት ይቀላቀላል። ባቄላው ምን አጠፋ? ባለ ባቄላውስ ምን አጠፋ?»

ይኼ ገባው። ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«ቁናውን ያላራገፈው ማነው ታዲያ?»

«ሰፋሪው ነዋ።»

«ሰፋሪው ማነው?»

«አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት።»

«እርስዎ ያሉበት?»

«አዎ። እኔ ያለሁበት።»

ባርኔጣውን በሁለት እጁ አንዴ አዞረው። «እኔ እዚያ የማውቀው ሰው የለኝም» አለ። «የማውቀው ምንጭ የሚወርዱትን ሴቶች ነው። ለነሱ ይንገሩልኝ።»

ነገርኳቸው። ምንጩ ድረስ ወርጄ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ አዎ አዎ አሉኝ፣ እንስራሽን ልሸከምልሽ ያለችኝም ነበረች፣ እንስራ ባልይዝም። አንዷ ብቻ፣ እኔን ማስቆጣት የማትፈልግ አሮጊት፣ ቀስ ብላ፣ «ማሽኑስ ቢሆን፣ ልጄ፣ ከልጅ ሁሉ መርጦ ለምን በሱ ጀመረ?» አለችኝ። ቀሪ እሱ ብቻ ስለሆነ አልኳት። «እኮ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ንፋስ መውጫ መቀመጥ አልቻልኩም። ስልክ ያለው ደብረ ታቦር ነው። ወንድሜ በቅሎውን ጫነልኝና አብረን ወጣን። መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ፣ እስኪጎድል ማዶና ማዶ ከቆመ ሰው ጋር ቆመን ዋልን። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ፣ «ከዚያ ማሽን ቤት ወጥተሽ አስተማሪ ብትሆኚ ምን አለበት?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም።

ስልክ ቤት መስመር እስኪገኝ ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ሠራተኛው እጁን አወዛወዘልኝና መነጋገሪያውን ያዝኩ። የጓደኛዬ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነበር።

«ምልክቱ አይጠፋም!» ብዬ ጮኽኩ። «ቀሪ ከተገኘ በኋላ ያሉት ሁሉ ወድቀዋል!»

«አውቀነዋል» አለኝ።

«መቼ?»

«አንቺ በሄድሽ ሳምንት። እዚህ ወላጆች መጥተው ግቢውን አጥለቀለቁት። የከተማውን ትምህርት ቤቶች በእጅ አስተካክለናል።»

«የኛስ?»

«የጠቅላይ ግዛቶቹ አቤቱታ ሲመጣ ይታያል ተብሏል። በአውራጃው በኩል ይጻፉ።»

«አውራጃው እስከ መስከረም ዝግ ነው!»

«ምን?»

«ዝግ ነው!»

«አልሰማሽም!»

መስመሩ ተቋረጠ። ሠራተኛው እንደገና ሞከረልኝ፤ አልሆነም። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። «ያውቁታል» ብቻ አልኩት። ካወቁትማ አለቀ ብሎ እጁን አጨበጨበ። እንዳላለቀ ለመንገር ድፍረቱ እስኪመጣልኝ የአክስታችን ቤት ደርሰናል።

ፈቃዴ ሲያልቅ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ኃላፊያችን አሮጌው ፕሮግራም ላይ ምልክቱን የምታጠፋ አንዲት መስመር አስጨምሮበት ነበር፤ ነገሩ ለሱ በዚያ ተዘጋ። እኔና ጓደኛዬ በተራችን ጊዜ የንፋስ መውጫን ካርዶች አውጥተን ባልተፈለገው በራሳችን ፕሮግራም አሳለፍናቸው። የያንዳንዱ ልጅ መልስ ለብቻው ወጣ። የወንድሜ ልጅ አልፋለች፤ ያውም ከትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ሆና። ወረቀቱን ቀድጄ ለኃላፊው ወሰድኩለት።

«አምንሻለሁ» አለኝ፣ መነጽሩን አውልቆ። «ግን ይኼ ያንቺ ወረቀት ነው። ያለ አቤቱታ እኔ የማንን ውጤት እቀይራለሁ? ነገ ሌላው ለዘመዱ እንዲህ ይዞ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

እውነቱን ነበር፤ ወረቀቱን ይዤ የመጣሁት እኔ የልጅቱ አክስት ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት አቤቱታውን በመጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት የደብዳቤ ክፍል እየሄድኩ ከአውራጃችን ከጋይንት የመጣ ነገር አለ ወይ እላለሁ፣ የለም ይሉኛል። መስከረም ሄደ፤ ትምህርት ተጀመረ። ጥቅምት ሄደ። አቤቱታው የደረሰው ኅዳር ውስጥ ነው፤ የተስተካከለው ውጤት ወጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ንፋስ መውጫ ሲገባ ደግሞ የገብሱ አጨዳ ተጋምሷል።

ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ደብረ ታቦር ሮጡ፤ ዲሬክተሩ አብሯቸው ሄዶ ለምኖ አስገባቸው። ለአጨዳ ወደ ቆላ የወረዱም ነበሩ፤ ማንም ሄዶ አልነገራቸውም። ያ የቀረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መፈተን ይችል ነበር። አባቱ ግን በጥቅምት ጠበል አስጠምቆት፣ ከዚያ ወደ ጋይንቱ ቤተ ልሔም ደብር ወስዶ ለአንድ መሪጌታ ሰጠው፤ ዜማ እንዲማር። እዚያ ማንም ከማን ሥር እንደተጻፈ የሚጠይቀው የለም ብሎ ነው ይላሉ። ልጁ ምን እንደደረሰ ሰዎችን ጠይቄ፣ ድምፁ ጥሩ ነው ከማለት በቀር የሚነግረኝ አላገኘሁም። አባቱን ከዓመታት በኋላ አርብ ገበያ አየሁት። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝና አህያውን እየነዳ አለፈ።

የወንድሜን ልጅ ደግሞ አባቷ በዓመቱ አጋማሽ ሴት ልጅ ለብቻዋ አልልክም አላት። ለከርሞ ትሄዳለች አለ። በዚሁ መካከል ከእስቴ ሽማግሌ መጣ። ባልየው ስንዴና ማር የሚነግድ፣ ጨዋ ቤተሰብ ያለው ወጣት ነው። ወንድሜ እምቢ ብትል አላስገድዳትም ብሎ ምሎልኛል፤ እሷም እምቢ አላለችም።

ሠርጉ በጥር ነበር። የደረስኩት ከዋዜማው ነው፤ ግቢው ውስጥ ዳስ እየተጣለ፣ ሴቶች ጠላና እንጀራ እያመላለሱ ነበር። እሷ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንዲት ሴት ፀጉሯን ትሠራታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለከርሞ ብትጠብቂስ?» አልኳት በለሆሳስ። «አልፈሻል እኮ። በደንብ ነው ያለፍሽ።»

«እትዬ፣ ሁለት ወረቀት መጥቶልኛል። አንዱ ወድቀሻል ይላል፣ አንዱ አልፈሻል። ሁለቱንም ያወጣችው ያቺው ያንቺ ማሽን ናት አይደለ?»

«አዎ።»

«የትኛውን ልመን ታዲያ?»

«ሁለተኛውን። እኔ ራሴ ካርድሽን ለብቻው አሳልፌ አይቼዋለሁ።»

«አንቺማ ትወጂኛለሽ» አለች።

ስለ ምልክቱ ልነግራት ጀመርኩ። እንዴት እንደሚበራ፣ ማን ማጥፋት እንደነበረበት፣ በኛ መንገድ ቢሠራ ኖሮ የአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሊያልፍ እንደማይችል። ትልቅ ሰው ሲናገር እንደሚደመጠው ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ሒሳብ ታውቃለች፤ ብትፈልግ ሊገባት ይችል እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። መሐል ላይ ፀጉር ሠሪዋ አገጯን ይዛ ራሷን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «አትነቃነቂ» አለቻት። እኔም የቀረውን ሳልነግራት ተነሥቼ ሴቶቹን ላግዝ ወደ ዳሱ ወጣሁ።